ኖህ ዌብስተር ለአንጋፋዎቹ የጻፋቸው ደብዳቤዎች፦ ደጅ ጥናት ወይስ ሥራ?

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ የተካሄደውን የውይይት ክር የከፈተው ሰው ነገሩን በጥያቄ ምልክት ይዝጋው እንጂ ፍርዱን ጨርሶ ነው የመጣው። ዛሬ ስሙን በመዝገበ ቃላት ሽፋን ላይ የምናውቀው ኖህ ዌብስተር፣ በሃያዎቹ ዕድሜው ኪሱ ባዶ የሆነ አስተማሪ ሳለ፣ የአገሩን የአሜሪካን አንጋፋ መሪዎች በደብዳቤ እያሳደደ ደጅ ሲጠና የኖረ ሰው ነው ይላል። አባቱ ለየል ኮሌጅ ወጪ እርሻቸውን አስይዘው፣ በ1778 ሲመረቅ ዋጋው የረከሰ ስምንት ዶላር የወረቀት ገንዘብ አስጨብጠው ከእንግዲህ ራስህን ቻል አሉት፤ ልጁም ራሱን የቻለው በፍራንክሊን፣ በዋሽንግተንና በማዲሰን ስም ነው ባይ ነው። ማስረጃው ደብዳቤዎቹ የሚያልቁበት የትሑት አገልጋይነት ፊርማ ነው። እነዚያ ሰዎች ባይኖሩ ዌብስተርን ዛሬ ማን ያነሳው ነበር ሲል ይዘጋል።

1ኛው መልስ በትሕትና የመጣ እርማት ነው። ክሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ፣ ግንቦትና ሜይን እያቀላቀልን እንዳንጣላ የወሮቹም ስም በዚያው ይሁን ብሎ ጀመረ። 1786 በእኛ 1778 እንደሆነና ጎንደር ላይ መሳፍንቱ ንጉሥ የሚያነሡበትና የሚጥሉበት ዘመን እንደነበር በቅንፍ ጣል አደረገ። ከዚያ ወደ ዕድሜ አለፈ። አንጋፋ የሚለው ለፍራንክሊን ይሠራል፤ በጃንዋሪ 1706 ስለተወለደ ደብዳቤው ሲደርሰው 80 ዓመቱ ነበር። ዋሽንግተን ግን ዌብስተር ቤቱ በሄደበት በ1785 ገና 53 ዓመቱ ነው። ማዲሰን በ1784 ደብዳቤ ሲጻፍለት 33፣ ጸሐፊው ዌብስተር ራሱ 25። ስለዚህ የአንዳንዱ አንጋፋነት የሹመት እንጂ የዕድሜ አይደለም።

2ኛው መልስ ረጅም ነው፤ የክሩም አከርካሪ እሱ ይመስለኛል። ሰውየው ደብዳቤውን ከማየታችን በፊት ዌብስተር ምን ፈልጎ እንደጻፈ እንይ አለ። በ1783 ሃርትፎርድ ላይ የፊደል መማሪያውን ሲያሳትም የመጀመሪያው እትም 5,000 ቅጂ ነበር። ያኔ የፌዴራል የቅጂ መብት ሕግ የለም፤ አገሩ 13 ግዛት ነው፤ ኮነቲከት ውስጥ የተጠበቀን መጽሐፍ ድንበር ተሻግሮ ያለ ማንኛውም አታሚ ያለ ፈቃድ ማተም ይችላል። የመማሪያ መጽሐፍ ደግሞ ትንሽ፣ ርካሽና በየዓመቱ የሚሸጥ ስለሆነ ለመስረቅ የመጀመሪያው ዕጩ ነው። ኮንግረሱ ሜይ 2 ቀን 1783 ያወጣው ግዛቶቹ ቢያንስ የ14 ዓመት መብት እንዲሰጡ የሚመክር ውሳኔ ብቻ ነበር፤ ማስገደድ አይችልም። ስለዚህ በየግዛቱ ዋና ከተማ እየሄዱ ሕግ አውጪውን ማሳመን ቀረ።

ይኸው መላሽ ሥራው ምን ያህል አሰልቺ እንደነበር በዝርዝር አሳየ። የመብቱ ዘመን ርዝመት ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ ኮነቲከት 14 ዓመት፣ ማሳቹሴትስና ቨርጂኒያ 21። ኮነቲከት ደራሲው መጽሐፉን በበቂ ቁጥርና በሚገባ ዋጋ ካላቀረበ ፍርድ ቤት ጣልቃ እንዲገባ የሚል አንቀጽ ጨምራለች። ከሁሉ የሚያናድደው የፔንሲልቬኒያና የሜሪላንድ ሕግ ነው፤ ሁሉም ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ እስኪያወጡ ድረስ በሥራ ላይ አይውልም ይላል። ደላዌር ጨርሶ ሳታወጣ ቀረች። በዚህም ምክንያት ትልቋ የኅትመት ከተማ ፊላደልፊያ እስከ 1790 ድረስ የዌብስተርን መጽሐፍ ያለ ፈቃድ ለሚያትሙ ክፍት በር ነበረች። ለማዲሰን የተጻፈው የ1784 ደብዳቤም በዚህ መንገድ ይነበብ አለ፦ የቨርጂኒያ ምክር ቤት አባል ለሆነና ከዓመት በፊት በኮንግረሱ ጉዳዩን ባየው ኮሚቴ ውስጥ ለነበረ ሰው የቀረበ የሕግ ጥያቄ ነው። ገንዘብ የሚል ነገር የለበትም።

3ኛው መልስ ወደ ፊርማው ተመለሰና የክሩን ከፋች ማስረጃ በቀላሉ አፈረሰው። ትሑትና ታዛዥ አገልጋይዎ የሚለው መዝጊያ የዘመኑ ደንብ ነው፤ ዋሽንግተን ለዌብስተር ሲመልስም በዚያው ዓይነት ይፈርማል፤ ኧረ ጠላት ለጠላትም ይጽፈዋል። ፍርድ ቤት ደጃፍ የተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ ማመልከቻ ሲያዘጋጅ ክቡርነትዎ ቢል ባለጉዳዩ ተዋረደ አንልም ሲል አሳረፈው።

ቀጥሎ ማንም ሳይጠይቀው የደብዳቤውን አካል አብራራ፤ እኔ ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። አንድ ሉህ ለሁለት ይታጠፍና አራት ገጽ ይወጣዋል። ጽሑፉ ሦስቱን ይይዛል፤ አራተኛው ባዶ ይቀርና ወረቀቱ ወደ ውስጥ ተጣጥፎ ሲዘጋ አድራሻው እሱ ላይ ይወጣል። ፖስታ የሚባል ማቀፊያ የማይጠቀሙበት ለቁጠባ ነው፤ ማቀፊያው እንደ ተጨማሪ ሉህ ይቆጠራል፤ ክፍያውም በሉህ ነው። ከፋዩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ላኪው ሳይሆን ተቀባዩ ነው! በ1792 በወጣው የፖስታ ሕግ አንድ ሉህ እስከ 30 ማይል 6 ሳንቲም፣ ከ60 እስከ 100 ማይል 10 ሳንቲም፣ ከ450 ማይል በላይ 25 ሳንቲም ነበር፤ ሁለት ሉህ ከሆነ እጥፍ። ስለዚህ ከማያውቁት ወጣት ደራሲ የሚመጣ ወፍራም ደብዳቤ የተቀባዩን ኪስ ይጎዳ ነበር፤ የነጻ ፖስታ መብት ያላቸው ባለሥልጣናት ብቻ ያመልጣሉ። መጽሐፍ በፖስታ መላክ የማይታሰብ ነው፤ ወዳጅ ወይም መንገደኛ ይዞት ይሄዳል። ዌብስተር በአካል መዞር የመረጠው አንድም ለዚህ ነው።

ሰነዶቹን የሚያነብ ሰው ምን እንደሚያጋጥመውም ጨመረ። ደብዳቤው በማኅተም ሰም ወይም ከዱቄት በተሠራ ስስ ማጣበቂያ ስለሚታሸግ፣ ተቀባዩ ሲከፍተው ወረቀቱ ይቀደድና በሦስተኛው ገጽ ጠርዝ ሁለት ሦስት ቃል ይዞ ይሄዳል፤ አርታኢዎች በማዕዘን ቅንፍ የሚሞሉት ያንን ነው። ቀለሙ ከኦክ ዛፍ እባጭ፣ ከብረት ሰልፌት፣ ከሙጫና ከውሃ የሚቀመም ሲሆን፣ ብረቱ ከበዛ በጊዜ ብዛት ቡናማ ይሆናል፣ ወረቀቱንም ይበላዋል።

4ኛው መልስ አጭርና የክሩን ከፋች የሚደግፍ ነው። ዌብስተር በ1785 ወደ ዋሽንግተን መኖሪያ ወደ ማውንት ቨርነን ሄዶ ገበታውን ቀመሰ፣ ኋላም ለቤቱ ልጆች አስተማሪ ለመሆን ራሱን በደብዳቤ አቀረበ፤ ከዚህ በላይ ደጅ ጥናት ምን አለ የሚል ነው።

5ኛው መልስ ይህን ነጥብ በነጥብ አርሞታል። ዌብስተር ሜይ 20 ቀን 1785 ማውንት ቨርነን ሲደርስ ባዶ እጁን አልነበረም፤ ስለ ጠንካራ ማዕከላዊ መንግሥት የጻፈውን ትንሽ መጽሐፍ ይዞ ነው። በኖቬምበር ተመልሶ ሲሄድ ዋሽንግተን ለቨርጂኒያ አገረ ገዥና ለምክር ቤቶቹ አፈ ጉባኤዎች የሚሰጥ የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎለታል፤ የቨርጂኒያም ሕግ በዚያው ጉባኤ አለፈ። አስተማሪነቱን በተመለከተ፣ ዌብስተር ኋላ ራሱ እንደተረከው፣ ዋሽንግተን በማዕድ ላይ አስተማሪ ከስኮትላንድ ላስመጣ ነው ሲል እሱ ነው አሜሪካዊ ጠፍቶ ነው ወይ ብሎ የተቃወመው። በዲሴምበር የጻፈውም ቢሆን ቅድመ ሁኔታ ያለበት ነው፤ ለራሱ ጽሑፍ የሚሆን ጊዜና የጄኔራሉን ወረቀቶች የማየት ዕድል ይፈልጋል። ዋሽንግተን ዝርዝር ሲጠይቀው ዌብስተር ሐሳቡን ለወጠ፤ ቦታውን በ1786 ቶቢያስ ሊር ያዘው። ለማኝ የተሰጠውን እንጀራ አይመልስም ብሎ ጨረሰ።

6ኛው መልስ ፍራንክሊንን አመጣ። ሜይ 24 ቀን 1786 ዌብስተር ከኒውዮርክ እንግሊዝኛን በድምፁ ለመጻፍ የሚያስችል የፊደል ዕቅድ ላከ። አድራሻው በጥንቃቄ የተመረጠ ነው። ፍራንክሊን ያኔ የፔንሲልቬኒያ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ብቻ ሳይሆን አታሚ ነው፤ በ1768 ደግሞ የራሱን ፊደል ሠርቶ ነበር። ሲ፣ ጄ፣ ኪው፣ ደብሊው፣ ኤክስና ዋይን ጥሎ ስድስት አዲስ ምልክት ጨመረ፤ ቁጥሩ ያው 26 ሆነ። ጁን 18 በመለሰው ደብዳቤ ማሻሻያው አስፈላጊም ሊፈጸም የሚችልም ነው ብሎ፣ ነገሩ በደብዳቤ ስለማያልቅ ፊት ለፊት እንነጋገር ሲል ጋበዘው።

መላሹ ሰዎች የሚዘነጉት ቀጥሎ የሆነውን ነው አለ። ፍራንክሊን ለፊደሉ ያስቀረጸውን የማተሚያ ሆሄ ለዌብስተር ልስጥህ ብሎት ነበር፤ ወጣቱ አልቀበልም አለ። ምክንያቱ የሙያ ነው። አዲስ ምልክት ማለት እያንዳንዱ ማተሚያ ቤት አዲስ ሆሄ ይግዛ፣ ቀድሞ ማንበብ የቻለም እንደገና ይማር ማለት ነው። ዌብስተር ያሰበው ያሉትን ፊደላት ይዞ ሦስት ነገር ብቻ መለወጥ ነው፦ የማይነበቡትን መጣል፣ ሁለት ሦስት ድምፅ ባለው ፊደል ምትክ አንድ ድምፅ ያለውን ማግባት፣ በቀረው ላይ ትንሽ ሰረዝ ወይም ነጥብ ማድረግ። ይህ ከ18 ገጽ አንድ ገጽ ያህል ይቆጥባል ብሎ አስልቷል። ሌላው ስሌቱ የነጋዴ ነው፤ የአሜሪካ አጻጻፍ ከእንግሊዝ ከተለየ መጻሕፍት እዚሁ እንዲታተሙ ያስገድዳል። ለ80 ዓመት ባለዝና ስጦታህን አልፈልግም ያለን ሰው አጎብዳጅ ማለት እንዴት ይቻላል ሲል መላሹ ክሩን የከፈተውን ጠየቀ።

እዚህ ላይ ነገሩ መንገድ ሳተ። 7ኛው መልስ ፍራንክሊን ፊደል ጣለ የሚለውን ይዞ ወደ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ወደ ሰና ሠ፣ ወደ ጸና ፀ ገባ፤ እኛስ መቼ ነው የምንቀንሰው የሚል ነው። 8ኛው በቁጣ መለሰ። የእንግሊዝኛው ችግር አንድ ፊደል ብዙ ድምፅ መያዙ፣ የእኛው አንድ ድምፅ ብዙ ፊደል መያዙ ስለሆነ ሁለቱ መድኃኒታቸው አንድ አይደለም፤ ግዕዙን የሚያነብ ሰው ልዩነቱን ይፈልገዋል፤ ይህን ሳያውቁ መቀስ ማንሳት ድፍረት ነው አለ። ትክክል ነበር፤ ግን ስድብ ጨመረበትና አወያዩ 9ኛውን መልስ ለማስጠንቀቂያ አዋለው። የፊደል ክርክር የራሱ ክር እንዳለው ጠቅሶ ሁለቱንም ወደዚያ ሸኛቸው።

10ኛው መልስ 6ኛውን ይቀጥላል። ዌብስተር ስለ እንግሊዝኛ የሰጣቸውን ንግግሮች በ1789 ቦስተን ውስጥ በአይዛያ ቶማስ ማተሚያ ቤት አሳትሞ መጽሐፉን ለፍራንክሊን መታሰቢያ አደረገ። ምላሹ ዲሴምበር 26 ቀን 1789 ተጻፈ፤ ፍራንክሊን ኤፕሪል 17 ቀን 1790 ስለሞተ የዕድሜው ፍጻሜ ላይ ነው። ምስጋናው አጭር፣ ቅሬታው ረጅም። ከፈረንሳይ ሲመለስ ስም የነበሩ ቃላት ግሥ ሆነው አግኝቷል፤ እባክህ በሥልጣንህ ከልክልልኝ ይላል። ከዚያ የአታሚው ሰው ይነሳበታል። ስሞችን በትልቅ ፊደል መጀመር ቀረ፤ ኤፍ የሚመስለው ረጅሙ ኤስ ቀርቶ አጭሩ ብቻ ቆመ፤ መስመሩ የተስተካከለ ይመስላል፣ ንባቡ ግን ከበደ፤ የሰው ሁሉ አፍንጫ ቢከረከም ፊቱ ይለሰልሳል፣ ማን ማን እንደሆነ መለየት ግን ያስቸግራል የሚለው ዝነኛ ቀልዱ እዚህ ነው ያለው። የጥያቄ ምልክትም እንደ ስፔኖች መጀመሪያ ላይ ይግባ ብሏል፤ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ድምፁን የት እንደሚያነሳ አስቀድሞ እንዲያውቅ። መላሹ አንድ ነገር አስተውሏል፦ ፍራንክሊን ዌብስተርን የሚያናግረው እንደ ባለሥልጣን ሳይሆን እንደ ሙያ ባልደረባ ነው። መጽሐፉ ግን አልተሸጠም፤ የፍራንክሊን ስም ፊት ለፊቱ ቆሞም አላዳነውም።

11ኛው መልስ ክሩን አሞቀው። 2ኛውንና 6ኛውን ዌብስተርን ታቦት አደረጋችሁት ብሎ ከሰሳቸው። ፕሬዚዳንቱ ጄፈርሰን ኦገስት 1801 ለማዲሰን ሲጽፍ ዌብስተር ማስተዋሉ ጠባብ፣ የወገንተኝነት ስሜቱ የበረታ ተራ አስተማሪ ነው ማለቱን ረሳችሁት ወይ አለ። ዌብስተር የቅጂ መብት አባት ነው የሚለውንም ወግ አጣጣለ። የዜማ መጽሐፍ ያዘጋጀው አንድሩ ሎው በ1781 ከኮነቲከት የግል ጥበቃ አግኝቷል፤ ተጓዡ ጆን ሌድያርድ በጃንዋሪ 1783 ለዚያው ምክር ቤት አመልክቷል፤ ስለዚሁ ጉዳይ ለኮንግረሱ ፕሬዚዳንት ለቡዲኖ የጻፈው ገጣሚው ጆኤል ባርሎ ነው። ዌብስተር በስተርጅናው ታሪኩን ሲጽፍ ራሱን መሐል ላይ አቆመ እንጂ ብቻውን አልነበረም። በመጨረሻ፣ ችግረኛ ደራሲ ካላችሁ ስለ ገጣሚዋ ፊሊስ ዊትሊ ለምን አታወሩም ብሎ ሄደ።

የጄፈርሰንን ነገር በተመለከተ 12ኛው በአንድ መስመር መለሰ፦ ዌብስተር የጄፈርሰን ተቃዋሚ የነበሩት የፌዴራሊስቶች ጋዜጣ ሰው ስለነበር አስተያየቱ የፖለቲካ ባላንጣ አስተያየት ነው። ቀሪውን ገጽ በሙሉ ለዊትሊ ሰጠ፤ አግባብም ነበር። ከምዕራብ አፍሪካ በሰባት ዓመቷ ገደማ ተወስዳ በ1761 ቦስተን ላይ ተሸጠች። ቦስተን ውስጥ ለግጥሞቿ በቂ ቅድመ ክፍያ ስላልተገኘ መጽሐፏ በ1773 ለንደን ታተመ፤ እዚያ ሳለች ፍራንክሊን ሄዶ ጎብኝቷታል። ኦክቶበር 26 ቀን 1775 ከፕሮቪደንስ ለጄኔራል ዋሽንግተን ደብዳቤና ግጥም ላከች። መልሱ ከካምብሪጅ የተጻፈው ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1776 ነው፤ አራት ወር ማለት ነው። ዋሽንግተን ለመዘግየቱ ይቅርታ ጠየቀ፤ ግጥሙን ያላሳተመው ራሱን አወደሰ እንዳይባል መሆኑን ነገራት፤ ወደ ካምብሪጅ ብትመጣም ደስ እንደሚለው ገለጸ። ግጥሙ በዚያው ዓመት በጋዜጣ ወጣ።

ጥቅሙ ግን እዚያው ላይ ቆመ አለ መላሹ። በ1779 ሁለተኛ መጽሐፍ ለማውጣት ማስታወቂያ አስነገረች፤ 33 ግጥምና 13 ደብዳቤ፣ 300 ገጽ ያህል፣ ለፍራንክሊን የተበረከተ። የተጠረዘው ዋጋ 12 ፓውንድ ተብሎ ነበር፤ ያኔ የወረቀቱ ገንዘብ እጅግ ወድቆ ስለነበር ቁጥሩ ከሚያስፈራው ያነሰ ነው፤ ሆኖም በጦርነት መሐል ለግጥም ቅድሚያ የሚከፍል አልተገኘም። ዲሴምበር 1784 ሞተች፤ የእጅ ጽሑፉም ጠፋ። የቅድመ ክፍያ ኅትመት አሠራር እንዲህ ነው፦ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ስም ይሰበሰባል፣ የተመዘገበው ሰው ቁጥር የወረቀቱንና የሠራተኛውን ወጪ ካልሸፈነ አታሚው ሥራውን አይጀምርም። የታላቅ ሰው ስም ፊት ገጽ ላይ መኖሩ ዓይን ይስባል እንጂ ወረቀት አይገዛም።

13ኛው ሌላ ምሳሌ ጨመረ። የፊላደልፊያው ልብ ወለድ ጸሐፊ ቻርልስ ብሮክደን ብራውን በዲሴምበር 1798 የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ለምክትል ፕሬዚዳንቱ ለጄፈርሰን ላከ። ጄፈርሰን ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ በጃንዋሪ 1800 የጨዋ ምስጋና መለሰ፤ ጊዜ ሲያገኝ እንደሚያነበው የሚገልጽ ነው። ብራውን የጠየቀው ነገር ስላልነበረ ያገኘውም ነገር አልነበረም፤ ከዌብስተር ጋር ልዩነቱ ይኸው ነው ይላል። በእኔ ግምት ክሩ ሁሉ ሲዞር የነበረው በዚህ ነጥብ ዙሪያ ነው፤ ለማን ተጻፈ ከሚለው ይልቅ ሰውየው በአንድ ቀን ሥራ ሊያደርገው የሚችል ነገር ተጠየቀ ወይ የሚለው።

14ኛው መልስ ገንዘቡን አነሳ፤ ድምፁም ደረቅ ነው። ዌብስተር በደብዳቤ ያገኘውን በችኮላ ሸጦታል አለ። ኒውዮርክ ላይ ያቋቋመው መጽሔት ከዲሴምበር 1787 እስከ ኖቬምበር 1788 አሥራ ሁለት ቁጥር ብቻ ወጥቶ ከሰረ። ገንዘብ ሲያጥረው የፊደል መማሪያውን የኒውዮርክና የአካባቢውን የኅትመት መብት ለሳሙኤል ካምቤል ለአምስት ዓመት በ200 ዶላር ሰጠ፤ ካምቤል በዓመት ወደ 20,000 ቅጂ ያትም ነበር። በጥቅል ዋጋ ከመሸጥ ይልቅ በቅጂ ቢዋዋል ኖሮ፣ በቅጂ አንድ ሳንቲም እንኳ ቢያገኝ፣ የአንዱ ዓመት ብቻ 200 ዶላር ይሆን ነበር። ኋላ በቅጂ መዋዋልን የተማረው ከዚህ ነው።

15ኛው ከዋሽንግተን ደብዳቤዎች ውስጥ በጣም የሚጠቀሰውን ጠቀሰ። በጁላይ 1788 ዌብስተር በ1781 እንግሊዞች የተሸነፉበት የዮርክታውን ዘመቻ አስቀድሞ የታቀደ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ዋሽንግተን ጁላይ 31 ሲመልስ ኒውዮርክን ልናጠቃ ነው የሚለው ወሬ ከዓመት ገደማ በፊት ሆን ተብሎ የተነዛ ማታለያ እንደነበር አስረዳ። መላሹ ይህን ደብዳቤ እንዳለ የሚወስድ ሰው ይሳሳታል ሲል አስጠነቀቀ። በሜይ 1781 ዌዘርስፊልድ ላይ ከፈረንሳዩ ጄኔራል ከሮሻምቦ ጋር የተደረገው ስብሰባ መዝገብና የዋሽንግተን የዚያ ዓመት ማስታወሻ ኒውዮርክን የምር ይፈልግ እንደነበር ያሳያሉ። ደብዳቤው ከሰባት ዓመት በኋላ ለኅትመት ሰው የተጻፈ ነው፤ ያንን ሳይዙ ማንበብ አይገባም።

ክሩን የከፈተው ሰው 16ኛ ሆኖ ተመለሰ። ስለ ፊርማው የተባለውን አልተከራከረም፤ ስለ ማውንት ቨርነን ግን አሁንም አልረካም። ደብዳቤዎቹን ራሱ ማንበብ እንደሚፈልግ ገልጾ የት እንደሚገኙ ጠየቀ።

17ኛው አጭር መመሪያ ሰጠው። የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የመሥራቾቹን ወረቀቶች በነጻ በኢንተርኔት አስቀምጧል፤ የዋሽንግተን፣ የፍራንክሊን፣ የጄፈርሰን፣ የማዲሰን፣ የአዳምስና የሃሚልተን አንድ ላይ ይፈለጋሉ። መጀመሪያ ጸሐፊውን ዌብስተር ብሎ ማጣራት፣ ቀጥሎ ተቀባዩን መምረጥ፣ ከዚያ ገልብጦ መልሶቹን መፈለግ። ከጽሑፉ ይልቅ የግርጌ ማስታወሻውን ቀድሞ ማየት ይሻላል፤ ደብዳቤው ተቀባዩ እጅ የደረሰው ቅጂ ነው፣ ረቂቅ ነው ወይስ ከመዝገብ የተገለበጠ የሚለው እዚያ ይነገራል። ረቂቅ ከሆነ መላኩ እርግጠኛ አይደለም። የጄፈርሰን ሲሆን ነገሩ ይቀላል፤ ከ1783 ጀምሮ የላከውንና የተቀበለውን ደብዳቤ በቀኑ ይመዘግብ ስለነበር መንገድ ላይ ስንት ቀን እንደቆየ ይቆጠራል። ገና አርትዖት ያላለቀላቸው ሰነዶች ቅድመ እትም የሚል ምልክት አላቸው፤ እነሱን ሲጠቅሱ መጠንቀቅ ነው። የዌብስተር የራሱ ወረቀቶች ደግሞ ዋናው ክምችታቸው በኒውዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው።

18ኛው መልስ እኛን የሚነካ ነገር አወጣ። ዌብስተር በ1828 ያሳተመው ትልቁ መዝገበ ቃላት፣ 70,000 ቃል፣ ሁለት ቅጽ፣ 2,500 ቅጂ፣ ዋጋው 20 ዶላር፣ በቃላት አመጣጥ ማብራሪያው ውስጥ ከዕብራይስጥ፣ ከሱርስትና ከዐረብኛ ጎን ግዕዝን ይጠቅሳል፤ ለዚህም የራሱ ምህጻረ ቃል አለው። 19ኛው ደስታውን ወዲያው ቀዘቀዘበት። ዌብስተር ቋንቋዎች ሁሉ ከባቢሎን በፊት ከነበረ አንድ ቋንቋ ወጡ ብሎ ስላመነ ቃላትን በድምፅ መመሳሰል ያዛምድ ነበር፤ በጀርመን የተጀመረውን የንጽጽር ሥነ ልሳን አልተከተለም። የግዕዙ ቃል ከእንግሊዝኛው ጎን የተቀመጠው ብዙ ጊዜ ያለ ዝምድና ነው። በ1864 እትም ካርል ማን የሚባል ጀርመናዊ ምሁር የቃላቱን አመጣጥ እንደ አዲስ ሠራው።

20ኛው ወደ 2ኛው መልስ ተመልሶ የጎደለውን ሞላ። በ1790 የፌዴራሉ ሕግ ሲወጣ መብቱ 14 ዓመት፣ ደራሲው በሕይወት ካለ ሌላ 14 ሆነ። ርዕሱን በሚኖርበት ወረዳ ፌዴራል ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት በ60 ሳንቲም ማስመዝገብ፣ የምዝገባውን ቃል በጋዜጣ ለአራት ሳምንት ማስነገር፣ በስድስት ወር ውስጥ አንድ ቅጂ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ሚኒስትሩ ያኔ ጄፈርሰን ነበር። በ1830 ማብቂያ ሕጉን ለማስረዘም ሲነሳ ዌብስተር 72 ዓመቱ ነው፤ ፍራንክሊንም ዋሽንግተንም የሉም። ዋሽንግተን ከተማ ድረስ ራሱ ሄደ፣ በተወካዮች ምክር ቤት አዳራሽ ንግግር አደረገ፣ ኮንግረስ ውስጥ አማቹ ዊልያም ኤልስወርዝ ጉዳዩን ያዘለት። በ1831 ዘመኑ 28 ዓመት ሲደመር 14 ሆነ፤ መብታቸው ገና ያላለቀ መጻሕፍትም ተጠቃሚ ሆኑ።

የፊደል መማሪያውስ በዚህ ዳነ ወይ ብሎ 21ኛው ጠየቀ። ያው 20ኛው መለሰለት፦ የ1783ቱ ጽሑፍ ዘመኑ ቀድሞ አልፎ ነበር፤ ዌብስተር ግን በየጊዜው እያሻሻለ አዲስ ምዝገባ ያወጣለት ነበር፤ በ1829 ርዕሱን ለውጦ ያወጣው እትም ራሱን የቻለ መጽሐፍ ሆኖ ስለተመዘገበ አዲሱ ሕግ የሸፈነለት እሱን ነው።